ጋሼ አገኘሁና «ምን አለበት?»

«ምን አለበት?» ባይ የሌለበት ሰፈር የለም። ጣራው ሲያፈስ «ምን አለበት?»፣ ሥጋው ሲሸት «ምን አለበት?»፣ ጅብ ደጁ ቢያድር «ምን አለበት?» የሚል ሰው ማለቴ ነው። እግዜር ለየሰፈሩ አንድ አንድ ሲያድል፣ ለእኛ ለምናለሽ ተራ ግን የሁሉንም አለቃ ሰጠን፤ ክቡር ጋሼ አገኘሁን።

ጋሼ አገኘሁ የአሮጌ ብረት ነጋዴ ናቸው። ስማቸውና ሥራቸው አንድ ነው፤ ያገኙትን ይሰበስባሉ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ዝገት ሁሉ ከየጠቅላይ ግዛቱ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ አውቶቡስ ተራ ይወርድና ማረፊያው የእሳቸው ሱቅ ነው። ከመድፍ ቀለሃ ሙቀጫ ያሠራሉ፤ ለደብርም ደወል ያሠራሉ። እኔ ግድግዳ የምጋራቸው ወረቀትና ቀለም ሻጭ ነኝ። አንድ ቀን የሱቃቸውን በር በእጅ ቦምብ ደግፈው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ይፈነዳል እኮ!» ብላቸው፣ «አሥራ አምስት ዓመት ያልፈነዳ ዛሬ እኔን ብሎ ይፈንዳ? ምን አለበት?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቄ የምገባው በጓሮ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ወፍራም የመድፍ ጥይት ገዙ። አፉን በመፍቻ ሲፈቱት ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አለ። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ነጭ ሽንኩርት የሸተተ ነገር እንዴት ክፉ ይሆናል? ጉንፋን የምናባርረው በእሱ፣ ቡዳ የምናሸሸው በእሱ። የጋሼ አገኘሁ ፊት በራ።

«መድኃኒት ነው! ጣሊያን ለወታደሩ ቁርጥማት አሽጎ ያመጣው!» አሉና በጨርቅ ነክረው ጉልበታቸውን አሹ። ደግሞ ምንም አላቃጠላቸውም። የተረፈውን በጠርሙስ አድርገው ወገቧን ለሚያማት ጎረቤታችን ለሐጀራ ሰጧት።

ሐጀራ ጠርሙሱን ተቀብላ፣ «ጋሼ፣ ምን አለበት?» አለቻቸው።

«እኔስ የምለው እሱን አይደል? ምን አለበት!» ብለዋት ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጉልበታቸው እንቁላል እንቁላል የሚያክል ውሃ ቋጥሮ፣ ዓይናቸው አብጦ ነቁ። ስለ ጉልበታቸው ግን አልጮኹም። ግድግዳ እየዳበሱ፣ በአንድ እግር እየዘለሉ፣ ወደ ሐጀራ ቤት ገሰገሱ። «ሐጀራ! እንዳትነኪው! በአላህ ይዤሻለሁ!» ማተብ ያሰሩት ሰውዬ በአላህ ሲማጸኑ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

ሐጀራ በሩን ከፈተች። ጠርሙሱ እንደተከደነ መደርደሪያው ላይ ነበር። «ምን እንዳለበት ጠየቅኩዎት፣ አልነገሩኝም። የማላውቀውን እንዴት እቀባለሁ?» አለች።

ጋሼ አገኘሁ ደጃፏ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ሐኪም ቤት ቁስላቸውን ያጠበችው ድሬሰር ለተብርሃን ገና ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «ይኼንን በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ አይቼዋለሁ። ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ያወርዱብን ነበር። የመርዝ ጋዝ ነው፤ አርጅቶ አይሞትም» አለች።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ጥይቱን ማን ይውሰደው? አንዱ መሥሪያ ቤት «የጦር ዕቃ ነው፣ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ሁለተኛው «መርዝ ከሆነማ የጤና ጉዳይ ነው» አለ። ሦስተኛው ማመልከቻ አጻፈኝና ቴምብር የለውም ብሎ መለሰልኝ። ጣሊያን ሲጥልብን ቴምብር ለጥፎ ነበር እንዴ? ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለውን ተረት እነዚህ ሰዎች እናታቸው አልነገረቻቸውም? ጠላትስ ጠላት ነው፤ መርዙን ጥሎብን ሄደ። በገዛ አገሬ «ነገ ና» የሚለኝን ምን ልበለው?

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጋሼ አገኘሁ ንግዳቸውን ትተው፣ እግራቸውን በፋሻ ጠቅልለው፣ ጥይቱንም ጠርሙሱንም አሸዋ በሞላ በርሜል ውስጥ ቀብረው ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የተጠጋውን ሁሉ በከዘራ ያባርሩ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ካሚዮን መጣ። አንድ አሥር አለቃ ወርዶ በባዶ እጁ አሸዋውን ሊዝቅ ጎንበስ አለ።

«የት ነው የምትወስዱት?» አልኩት።

«ከከተማ ወጣ ብለን ገደል እንወረውረዋለን። ምን አለበት?»

«አለበት!» የጋሼ አገኘሁ ከዘራ የአሥር አለቃውን እጅ ቸብ አደረገው። «አለበት፣ ልጄ! ገደሉም ሥር ውሃ የሚቀዳ ሰው አለበት!» ፋሻውን ፈትተው ጉልበታቸውን አሳዩት። አሥር አለቃው እጁን ሰበሰበ።

በርሜሉ ከነአሸዋው ሲጫን፣ «ጉድጓዱ ሲቆፈር፣ ምልክትም ሲደረግበት ካላየሁ አልወርድም» ብለው እሳቸውም ካሚዮኑ ላይ ወጡ።

እኚህን ሰው ከጎኔ ንቀልልኝ ብዬ ስንት ዓመት ተስያለሁ። ያን ቀን ግን ካሚዮኑ በአብነት ሰፈር በኩል ሲሰወር፣ ሱቄን ትቼ በርጩማቸው ላይ ተቀመጥኩና ሱቃቸውን ስጠብቅላቸው ዋልኩ፤ ቦምቧ ከጎኔ መሆኗን እንኳ ረስቼ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እያነከሱ መጡ። «የሁለት ሰው ቁመት አስቆፈርኳቸው» አሉኝ። ወዲያው ዓይናቸው በሩን የደገፈችው ቦምብ ላይ አረፈ። ቀስ ብለው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አንተ... እዚህችስ ውስጥ ምን አለበት?» አሉኝ።