ዕቃ ጠባቂዋ ክብርት ወይዘሮ ታራይቪኒ

ሰው ሁሉ ወደ ባሕር የሚወጣው ሊዝናና ነው የሚላችሁ ካለ በጀልባ ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። ከየቤተሰቡ አንድ ሰው የሚወጣው ዕቃ ሊጠብቅ ነው። ሌላው እየጮኸ ውሃው ውስጥ ሲዘል ይህ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ ቦርሳውን፣ ፎጣውን፣ ነጠላ ጫማውን ዙሪያውን ይሰበስባል። ከዚያ በዓለም ላይ ያለ ዕቃ ጠባቂ ሁሉ የሚናገረውን ያንኑ ቃል ይናገራል፦ «ሂዱ፣ ሂዱ፤ ዕቃውን እኔ አያለሁ።» መሀል ባሕር ላይ ከማን ነው የምትጠብቀው ብላችሁ እንዳትጠይቁት። እኔ ጠይቄ ያተረፍኩት ግልምጫ ነው።

ሥራዬ ከደሴታችን ወደብ ከናንዲ ቤተሰብ ጭኖ፣ ዓሣ የሚርመሰመስበት የባሕር ውስጥ ድንጋይ፣ ኮራሉ ድረስ ማድረስ፣ እዚያ መነጽርና መተንፈሻ ቧንቧ አስሮ ዓሣ ማሳየት፣ የቀረውን ሰው ደግሞ ሙዝ በሚመስለው በአየር የተነፋ ጀልባ ላይ አስቀምጦ ውሃ ለውሃ ማስጎተት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ጥርሴን ነቅያለሁ፤ ዕቃ ጠባቂ ያልጫንኩበትን ቀን ግን አላስታውስም። የሲድኒው ጋዜጣ ያነባል። የኦክላንዱ እንቅልፍ ይወስደውና የራሱን ባርኔጣ ነፋስ ይወስድበታል። ሁሉም ግን ክብርት ወይዘሮ ታራይቪኒ ፊት ሲቀርቡ ተለማማጆች ናቸው።

ክብርት ወይዘሮ ታራይቪኒ፣ የቦርሳዎች ጠቅላይ አዛዥ፣ የፎጣዎች ባላደራ፣ ከመሀል አገር ተራሮች የወረዱ ሴት ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ከሞተሩ ይበልጣል። ጎፈሬያቸው ተበጥሮ፣ ተነፍቶ፣ ክብ ሆኖ ሲቆም ለብቻው ቦታ ሊያዝለት የሚገባ ተሳፋሪ ነው። የእሁድ ቀሚሳቸውን ለብሰው በላዩ ላይ ላይፍ ጃኬት የሚያጠልቁት ገና ወደቡ ላይ ሳለን ነው፤ የሚያወልቁት ደግሞ ታክሲ ውስጥ ገብተው ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእሳቸው አገርና የኔ አገር ታውቩ ናቸው። ታውቩ ከሆናችሁ፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ መሰዳደብ ተፈቅዶላችኋል። የታውቩህን ዶሮ አርደህ ብትበላ፣ ባርኔጣውን ነጥቀህ ብትሄድ፣ ጥፋተኛው የተከፋው ነው። ማክበር ነው ነውሩ። ስለዚህ ፊት ለፊት ስንገናኝ «አንቺ የተራራ ፍየል፣ ዛሬም ገመድሽን በጥሰሽ መጣሽ?» እላቸዋለሁ። «አንተ የጨው ውሃ አይጥ፣ ዛሬም አልሰመጥክም?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ከፐርዝ የመጣች ሴትዮ የምንደባደብ መስሏት ልጆቿን ወደ ኋላ ሰብስባ ነበር። እዚህ አንቱ የምላቸው ስለማይሰሙኝ ነው። እንዳታሳብቁብኝ።

ዕቃ ጥበቃቸው በቤተሰብ አይወሰንም። በጀልባዋ ላይ ያለ ቦርሳ ሁሉ በእሳቸው ሥልጣን ሥር ነው። አንድ የሜልበርን ሰው ከውሃ ወጥቶ ቦርሳውን ሊያነሳ ሲል እጁን ቸብ አደረጉት።

«የኔ ነው» አለ ሰውዬው።

«ምን አለበት?»

«ፎጣ።»

«ፎጣ የሌለው ማን አለ? ሌላስ?»

ምስኪኑ ሰው በሰው ሁሉ ፊት የውስጥ ሱሪውን ቀለም እስኪናገር ድረስ ቦርሳውን አላገኘም። ከተናገረም በኋላ ከፍተው አረጋገጡ። «እውነቱን ነው» ብለው ለተሳፋሪው ሁሉ አስታወቁና፣ «ደግሞ በደንብ አልታጠበም» ብለው ጨመሩበት።

የምግቡን ነገር አታንሱት። እኔ ለምሳ ሳንድዊች አቀርባለሁ። እሳቸው አንዱን አንስተው ወደ ፀሐይ ያዩታል፤ «የታመመ ሰው አለ እንዴ?» ይላሉ። ከዚያ ከአንዱ ቦርሳ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ከሌላው በኮኮናት ወተት የተሠራ ቅጠል፣ ከሦስተኛው ዓሣ ይወጣል። የማያውቁትን ሰው ሁሉ «ና ብላ፣ አጥንትህ ወጥቷል» እያሉ ሲያጎርሱ ይውላሉ። አንድ ጥንድ የጃፓን ሙሽሮች ከጠገቡ በኋላ እምቢ ማለት ነውር መስሏቸው ሲበሉ ውለው፣ ውሃው ውስጥ ሊገቡ ቢሉ መነሳት አቃታቸው።

ሙዙ ሲጎተትም አዛዧ እሳቸው ናቸው። የውሃ ሞተሩን የሚነዳው ባልደረባዬ ራጅኔሽ ነው፤ ልበ ሙሉ ሰው ነው፤ ግን ከጀልባዋ ላይ «ቀስ በል! ልጄን ልትጥል ነው? አሁን ደግሞ ምነው ተኛህ?» የሚል ድምፅ ሲመጣበት ግራ ይገባዋል።

«ካፒቴን፣ ማንን ልስማ?» ይለኛል።

«እሳቸውን» እለዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

አንድ ነገር ብቻ ነበር የማያደርጉት። ውሃ ውስጥ አይገቡም። መነጽር ስናድል የሁሉንም ሰው ራስ ይዘን፣ ማሰሪያውን አጥብቀን፣ ፀጉሩን ከመስታወቱ ሥር አውጥተን እናስርለታለን። የትልቅ ሰው ራስ ግን በኛ አገር አይነካም። ከበላዩ ያለ ዕቃ ለማውረድ እንኳ ይቅርታ ተጠይቆ፣ ጎንበስ ተብሎ ነው። ስለዚህ እሳቸው ዘንድ ስንደርስ ተንበርክከን መነጽሩን በሁለት እጃችን ጭናቸው ላይ እናኖርና እንሸሻለን። እሳቸውም አመስግነው ከቦርሳዎቹ ላይ ያስቀምጡታል። እኛ ያንንም የሚጠብቁት ዕቃ አድርገን ቆጠርነው። ውሃ ይፈራሉ አልን። «ፍየል ውሃ የምታውቀው በዝናብ ነው» እላቸው ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚስቁት ራሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ገና ግን ከነቤተሰባቸው የመጡት ለመጨረሻ ጊዜ ነበር። ልጃቸው ኢሊሶኒ ኦክላንድ ውስጥ የግንባታ ሥራ አግኝቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሊሄድ ትኬት ቆርጧል። የልጅ ልጃቸው ቫሴማታ ከእሳቸው ሥር የማትጠፋ፣ ሲመሽ እራት ላይ ያየችውን ዓሣ ሁሉ እየቆጠረች የምታወራላቸው ልጅ ናት። ያን ቀን መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ፊታቸው ቆመች።

«ቡቡ፣ ዛሬ አብረን ነው የምንገባው» አለች፤ አያቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

«ሂጂ፣ ሂጂ፤ ዕቃውን እኔ አያለሁ።»

«ሁልጊዜ እንደሱ ነው የምትዪው። ኦክላንድ ሄጄ ስደውልልሽ ስለምን እናወራለን? ያንን ሰማያዊውን ዓሣ አላየሽው፣ ቤቱን አላየሽው። ላንቺ ማውራት ለግድግዳ ማውራት ነው።»

«አፍሽን ያዢ» አላት አባቷ።

«ተዋት» አሉ ወይዘሮ ታራይቪኒ። «ሂጂ የኔ እናት። ትነግሪኛለሽ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ወደ ውሃው ወረደች። ኢሊሶኒም አንገቱን ደፍቶ ተከተላት። ተሳፋሪው ሁሉ ገባ። እኔም መልህቁን ልይ ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ከሞተሩ ጀርባ ግን አንድ ጎፈሬ ባልዲ ውስጥ ተደፍቶ አየሁ።

ክብርነታቸው ናቸው። ባልዲውን የባሕር ውሃ ሞልተው፣ መነጽሩን በአንድ እጃቸው ፊታቸው ላይ ይዘው፣ በሌላው ቧንቧውን አፋቸው ውስጥ ደግፈው ወደ ባልዲው አቀርቅረዋል። መነጽሩ እስከ ዓይናቸው ድረስ ውሃ ሞልቷል። ቀና ብለው ሳሉ። ከዚያ አዩኝ።

«ምን ታያለህ፣ አንተ አይጥ?»

«አንቺስ ምን ታያለሽ? ባልዲው ውስጥ ዓሣ አለ?»

መነጽሩን ከፊታቸው አውርደው ውሃውን ባልዲው ውስጥ አፈሰሱ። ስድቤን በስድብ ሳይመልሱ ያ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

«ማሰሪያው ጎፈሬዬን አይወጣም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከወጣም ፀጉሬ ከሥሩ ይገባና ውሃ ያስገባል። ለመያዝ አንድ እጅ፣ ለመሳብ አንድ እጅ፣ ፀጉሬን ለመጫን አንድ እጅ ያስፈልጋል። ፈጣሪ የሰጠኝ ሁለት ነው። ስንት ዓመት ስሞክር ኖርኩ፤ ቤትም በጎድጓዳ ሳህን ሞክሬዋለሁ።»

«ልጅሽን አትጠሪውም?»

«ኢሊሶኒ ራሴን ሊነካ? አብደሃል? ሞቶ ነው የሚያድረው። ምራቴማ አገር ጥላ ትጠፋለች። ልጅ ላስቸግር?»

«ፀጉርሽን ለምን አታሳጥሪውም ታዲያ?»

«ለዓሣ ብዬ?»

«እኔን ብትጠሪኝስ?»

ገላመጡኝ። «አንተ ነህ እንጂ የምትመጣው። ታውቩዬ ነህ፤ ምን ይከለክልሃል? መነጽሩን እንደ ታቦት ተሸክመህ ጭኔ ላይ አስቀምጠህ ትሸሻለህ። እኔም ይሄ ሰውዬ ባለጌ ነኝ ይላል እንጂ አፉ ብቻ ነው ብዬ ተውኩህ።»

ይኼውላችሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ውሃ ፈሩ ያልናቸው ሴት፣ ከውሃው የከለከልናቸው በአክብሮት ነበር። ደግሞም እኔ፣ ለመዳፈር የተፈቀደልኝ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ስድብ መካከል ያቺን አንድ ድፍረት ፈርቼ ኖሬያለሁ።

«ነይ አንቺ ፍየል፣ እዚህ ተቀመጪ» አልኳቸው።

ጀልባዋ ላይ የቀረው ራጅኔሽ ነገሩ ሲገባው ጀርባውን ሰጠን። ኢሊሶኒ ከውሃው ቀና ብሎ እጄን እናቱ ራስ ላይ ቢያየው፣ ወዲያው ጠለቀ። ጎፈሬውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ጫንኩት። ካሰብኩት በላይ ለስላሳ ነበር፤ የኮኮናት ዘይት ይሸታል። ሳላስበው «ቱሎ» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ፤ ከትልቅ ሰው ፊት ይቅርታ የምንጠይቅበት ቃል ነው።

«ምን አልክ?» አሉ።

«ምንም።»

«ሰምቼሃለሁ። አሞሃል? በልጆቹ ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

ማሰሪያውን አጠበቅኩት። እሳቸውም ተነስተው ለራጅኔሽ የቦርሳዎቹን ርክክብ አደረጉ፤ አንድ በአንድ፣ የማን የማን እንደሆነ፣ የትኛው ዚፕ እንደተበላሸ ሳይቀር። ከዚያ ከነቀሚሳቸው መሰላሉን ወረዱ። በየደረጃው አንድ ስድብ ለኔ ጣል ያደርጉ ነበር፤ ውሃው ወገባቸው ሲደርስ የእናቴን ወገን ጨርሰው ወደ አባቴ ተሻግረዋል።

ቫሴማታ እየዋኘች መጣችና እጃቸውን ያዘች። ወይዘሮ ታራይቪኒ ፊታቸውን ውሃው ውስጥ አደረጉ። ከላይ የቀረው ጎፈሬያቸውና ቧንቧዋ ብቻ ነበር። አልተንቀሳቀሱም። አሁንስ ምን ሆኑ ብዬ የነፍስ አድን ቀለበቱን ልወረውር አንስቻለሁ፤ ወዲያው ከቧንቧዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮህ ጀመር። ማውራታቸው ነው። ቧንቧ አፋቸው ውስጥ ተሰክቶ፣ ፊታቸው ባሕር ውስጥ ገብቶ፣ እያወሩ ነው። ልጅቷም ጣቷን እየቀሰረች በቧንቧዋ ትመልስላቸዋለች። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለቱም ግን እየተግባቡ ነበር።

ሌላው ሰው ወጥቶ፣ ደርቆ፣ ምሳውን በልቶ እሳቸው አልወጡም። የወጡት ጣቶቻቸው ከተጨማደዱ በኋላ ነው። መሰላሉን ይዘው መነጽሩን ሳያወልቁ ወደ ላይ አዩኝ።

«አንተ ሌባ» አሉኝ። «ይህ ሁሉ ከጀልባችን ሥር እያለ እኔን ፎጣ ታስጠብቀኛለህ?»

እነ ኢሊሶኒ ከሄዱ በኋላ ዕቃ የሚጠበቅለት ሰው የለምና አይመጡም ብዬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ላይ ብደርስ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ብቻቸውን ቆመዋል። «አይጥ፣ ራሴን ይዤ መጥቻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ማታ ማታ ከኦክላንድ ሲደወል አሁን ወሬ የሚያበዙት እሳቸው ናቸው፤ ሰማያዊው ወፍሯል፣ ጎረቤቱ ጥሎት ሄዷል፣ በቤቱ ሌላ ገብቶበታል ይላሉ። ቫሴማታም «ማን ገባበት?» እያለች ስልኩን አልዘጋም ትላለች አሉ።

እኔም ሥራዬን እሠራለሁ። ኮራሉ ዘንድ መልህቅ እንጥልና፣ እሳቸው መነጽራቸውን እንዳስርላቸው ይዘው «ምን ይገትርሃል?» እያሉ ሲጮኹብኝ፣ ከሞተሩ ጀርባ ዞር እላለሁ። ለመጠጥ ከያዝነው ውሃ ቀድቼ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ በንጹሕ ፎጣ አደርቀዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ራጅኔሽ አየኝ።

«ካፒቴን፣ በመጠጥ ውሃ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

«ግሪስ ነክቶኝ ነው» አልኩት።

ጠዋት ሞተሩን ሲፈታ ያረፈደው እሱ ነው። አንገቱን ነቀነቀና፣ እሳቸው እንዳያዩኝ ብሎ በእኔና በእሳቸው መካከል ገብቶ ቆመ።