ሻምበል ዘሳጃና ለዓም በሽር የትንባሆ ኪስ እንደ ሰፋ

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ሊገባ ሲል፣ የካርቱም ሰው ማለዳ ለዳቦ፣ ከሰዓት ለነጻነት በሚሰለፍበት ወራት፣ ሻምበል ወልደ ገብረየስ ዘሳጃና፣ የመተማን በር ያለ ሻንጣ ያለፈ፣ ከሶባ እስከ ካርቱም ሁለት ሲሚንቶ ያልተሸከመበት ፎቅ የሌለ፣ ወደ ሱዳን በገባ በሦስተኛው ዓመት ያደረገው ሥራ ይህ ነው።

ሻምበል መባሉ ስለ ሹመት አልነበረም። አባቱ ገብረየስ በውትድርና ዘመኑ ሁሉ ይህን ማዕረግ ሲጠብቅ ኖሮ ስላልደረሰው፣ ልጁን በተወለደ ዕለት ሾመው። ልጁም ከዚህ ስም በቀር የወረሰው ርስት ስላልነበረ፣ ትእዛዙ ዶሮ እንኳ ባያስነሣ፣ ስሙን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ነበር።

በካርቱም ሰፈር በሳጃና ባለው ግቢ የከበቡት ሠራዊቱም እነዚህ ናቸው፤ በቀኙ ማሩ፣ አሸዋ ነፊ፣ ወሬውን ሳይጨርስ ወንፊቱን የማያነሣ፤ በግራው ዝናሽ፣ የሰው ቤት ልብስ ተኳሽ፣ ምላሷ ከካውያዋ ይልቅ የሚፋጅ፤ በኋላው የግቢው ፍየል፣ ስም ያልወጣላት፣ ከጉባኤ ግን ቀርታ የማታውቅ። በእነዚህ ሁሉ ላይ የግቢው ጌታ ዓም በሽር ነበሩ፣ ዓም በአገራቸው አጎት ማለት ነው፤ በአትባራ ባቡር አገልግለው የሸበቱ፣ ፒፓቸው ሲጨስ ርኅሩኅ፣ ትንባሆ ሲያጡ ግን የቦኖውን ውኃ በቁልፍ የሚቆልፉ።

በዚያም ሰሞን በአንድ ቅዳሜ ዓም በሽር የዳቦ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወጡ፤ ከተከራዮቻቸው በቃረሙት አማርኛም ሰልፉ የት እንደ ሆነ ሻምበልን ጠየቁት። በእርሳቸው ቋንቋ ለዳቦው ሌላ ለዐመፁ ሌላ ቃል አለ፤ በእኛ ግን ሁለቱም ሰልፍ ነው። ሻምበልም ሽማግሌው ለአገራቸው ሊወጡ ተነሡ ብሎ ልቡ ተነካ፤ መንገዱን በክብር አመለከታቸው፤ ዓም በሽርም ዘንቢላቸውን እንደ ያዙ አስለቃሽ ጭስ መካከል ገቡ።

በተመለሱም ጊዜ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ዘንቢላቸው ባዶ ሆኖ፣ በግቢው መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ ነገሩ፦

«ስማ ሻምበል፣ በአንተ ሰልፍ ኪሴ ጠፋ። ጂልድ ነው፣ ጥሩ የፍየል ቆዳ፤ ከውስጥ ጨርቅ አለው። እስከ ኸሚስ ኪሴን ተካ። ኸላስ።»

ይህንም ብለው ቦኖውን ቆለፉ።

የዓም በሽር ትንባሆ የሚውለው ከጀላቢያቸው ሥር ነበርና ማደሪያውን ያየ ሰው በግቢው አልነበረም። ስለዚህ ሻምበል በግፊያው የጀላቢያቸው ኪስ ተቦጭቆ የቀረ መሰለው። የቆዳ ኪስ ያለው ጀላቢያ አይቶ ባያውቅም፣ የባቡር ሰው ልብሱ እንደ ባቡሩ የጠነከረ ቢሆን ምን ይደንቃል ብሎ ልቡን አሳረፈ። ዝናሽ ግን በሕይወቱ ጀምሮ የጨረሰው ነገር እንደሌለ፣ ከጀመረው ጢም ጀምራ እየቆጠረች በሕዝብ ፊት አወጀችበት። ያን ጊዜ ሻምበል ደሙ ፈልቶ መለሰ፦

«እስከ ሐሙስ ሰፍቼ ካላስረከብኩ ሻምበል መባሌ ይቅር። ነፈር በሉኝ።»

ነፈር ማለት የሚኒባስ ረዳት ተሳፋሪ የሚቆጥርበት ቃል ነው። ጉባኤው ደነገጠ፤ ከሻምበልነት ወደ ተሳፋሪነት የወረደ ሰው ከዚያ በፊት አልተሰማም ነበርና።

ዝናሽም የተናገረችው ከነከናት መሰለኝ፣ ማንገቻው የተበጠሰ አሮጌ የፍየል ቆዳ ቦርሳዋን፣ አፉ በክዳን የሚዘጋውን፣ ለዘመቻው ሰጠችው። ሻምበልም ቦርሳውን አድኖ እንደ ጣለው አንበሳ እያየ በመቀስ ዘለዘለው፤ ክዳኑንም አይረባም ብሎ ለፍየሏ ወረወረላት፤ ፍየሏም የዘመዷን ሽታ አውቃ ሸሸች። ለገበር የሚሆን ጨርቅ ቢጠፋ የዝናሽን የፀሐይ ጃንጥላ ገፈፈ፤ ይህ ግን ሳይጠየቅ ስለ ተደረገ ታሪኩን ማስረዘም አያስፈልግም።

ከዚህም በኋላ ቆዳውን አለሰለሰ፣ አበባማውን ገበር በጀርባው አነጠፈ፣ ጠርዙን አጥፎ በወስፌ በሳ፣ ክሩን ከቤተ ክርስቲያን ባመጣው ጧፍ አሸ፤ በሁለት መርፌ፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ በአንድ ቀዳዳ እየተላለፉ፣ ይሰፋ ጀመር። ወስፌውም ከቆዳው ይልቅ የሻምበልን አውራ ጣት ወደደ። እልኸኛውን ቆዳ በጥርሱ ነክሶ ሲስብ ማሩ አየውና፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ፣ ፍየል በጥርስ መያዝ ጾም ይፈታ እንደ ሆነ በመላው ሳጃና ክርክር አስነሣ። ለሁለት የተከፈለውን ሕዝብ ያስታረቀችው ዝናሽ ናት፦

«ካልዋጠው አይፈታም። ከዋጠው ግን ቦርሳዬን ይመልስ።»

ሐሙስም ደረሰ። ሬዲዮው ከማለዳ ጀምሮ የሰልፍ ሙዚቃ ብቻ ያሰማ ነበር፤ ሕዝቡም ምን ሊነገር ነው እያለ ይጠብቅ ነበር። በሻምበል ግቢ ግን የሚጠበቀው ሌላ ነበር። እርሱም ሥራውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ቀረበ፣ በዓም በሽር መዳፍ ላይም አኖረ። ዓም በሽር አገላበጡት። መክፈቻውን ፈለጉ። ገበሩን ዳሰሱ፣ ስፌቱንም አመሰገኑ፤ ከዚያ ከሱቅ ያመጡትን ትንባሆ ቢያፈሱበት በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወገን መሬት ላይ ወረደ፤ ፍየሏም ቀምሳው አነጠሰች። ነገሩ ግልጽ ሆነ። በዓም በሽር ቋንቋ ኪስ ማለት ከረጢት ነው። ሻምበል የሠራው በልብስ ላይ የሚለጠፍ ኪስ ነበርና ጀርባ አልነበረውም።

ዝናሽ ካውያዋን አስቀመጠች፦

«አንተ ሰውዬ፣ አፍ ያለው፣ ክዳን ያለው ከረጢት እጅህ ላይ አድርጌልህ፣ እሱን አርደህ ኪስ ሠራህ?»

ማሩም እንደ ሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነፈር ወደ ውስጥ ጠጋ እንዲል ለመነ። የሻምበል ፊት አመድ መሰለ፤ አባቱን ገብረየስን፣ ያንን ሹመት አልባ ወታደር፣ አሰበ። በዚያችው ቅጽበት ከጎዳናው ታላቅ ጩኸትና እልልታ ተሰማ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በባዶ እግሩ ወጣ፤ ዓም በሽርም ካልወጣሁ አሉ። ሻምበል ግን በዘመኑ ሁሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ አዘዘ።

«ዓም በሽር፣ እንዳይነቃነቁ።»

ታዘዙትም። ያን ጊዜ በሁለት መርፌ ወረደ፤ የቆዳውን ኪስ በቆሙበት በጀላቢያቸው ደረት ላይ፣ በልባቸው ትክክል፣ ዓም በሽር ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ጸሎት እየደገሙ፣ ጥርሱን በክሩ ላይ አድርጎ ሰፋው። የተረፈውን ትንባሆ ሞሉበት፤ አንድ ፍሬ አልወደቀም። ዓም በሽርም ፒፓቸውን ለኩሰው ወጡ፤ በሚሊዮን ሕዝብ ተገፉ፣ ታቀፉ፣ ወደ ላይ ተወረወሩ፤ ኪሱ ከደረታቸው ንቅንቅ አላለም። በዚያው ቀን በከተማይቱ የሠላሳ ዓመት ገዥ ከዙፋኑ እንደ ወረደም ተሰምቷል።

አመሻሽ ላይ ተመልሰው ጀላቢያቸውን ሊያወልቁ ቢሉ እንቢ አለ። ሻምበል በመርፌው ብርታት ጀላቢያውን ከውስጥ ልብሳቸው ጋር አንድ አድርጎት ነበር። ዝናሽ መቀስ ይዛ መጣች። ዓም በሽር ግን በእጃቸው ከለከሏትና የመጨረሻውን ዐዋጅ ነገሩ፦

«ማንም መቀስ እንዳያነሣበት። ከነልብሴ እተኛለሁ። በዚህ ግቢ ይህን ሰው ነፈር ብሎ የሚጠራ ውኃ አይቀዳም። ሻምበል ነው፣ ወላሂ።»

ቦኖውም ተከፈተ፤ ማሩ በመጀመሪያ ጀሪካኑን ይዞ መጣና ጌታዬ ሻምበል እያለ ቀዳ።

ክብር ለሻምበል ወልደ ገብረየስ፣ ስሙን በወስፌ ጫፍ ላዳነ፣ ሽማግሌን ከልብሱ ላጋባ፣ የአባቱን ሹመት በሰው አገር ላጸደቀ። በዚያች ሐሙስ ዙፋን ተተረተረ፤ ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ በተስፋ የሰፋው ብዙ ነገር ተተረተረ፤ የሻምበል ስፌት ግን እስከ ዛሬ አንድ ክር አልለቀቀም፤ ዝናሽም ጃንጥላዋን እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።