የአራተኛ ፎቅ ተተኪ

ዕቃ የሚያስታምም ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። ወፍጮውን «ደህና እደሪ» ሳይል ቤቱ የማይገባ ባለወፍጮ፣ ባጃጁ ስታስል አብሯት የሚያስል ሹፌር ሁላችንም እናውቃለን። የኛ የደሴ ፒያሳው ግን ከሁሉም ይበልጣሉ። ክቡር ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ይባላሉ፤ ሻይ የምጠጣበት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጥበቃ፣ ከደረጃው ሥር ለተሰቀለችው የእሳት ማስጠንቀቂያ ሳጥን ደግሞ የግል ሐኪም ናቸው። የሳጥኗ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው። ሲተኙም አያወልቁትም ይባላል፤ እኔ ሲታጠቡም አያወልቁትም ባይ ነኝ።

ሳጥኗ አረንጓዴ ስታበራ ጤነኛ ናት። ቢጫ አብርታ ጢጥ ጢጥ ካለች አንድ ቦታ አሟታል፤ መብራት ሄዶባት በባትሪ ቆማለች፣ ወይም አይጥ ሽቦዋን በልቷል። ቀይ ስታበራ ግን ሕንፃው ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ አስፋልት ይወጣል። ለሁሉም የጋሽ ዘይኑ ሕግ አንድ ነው።

«ሳያዩ ዝም ማሰኘት ነውር ነው።»

ሌላ ዘበኛ የድምፅ ማጥፊያዋን ጫን አድርጎ አፏን ያስይዛት ነበር። እሳቸው ታማሚው ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጥተው ይጠይቁታል፤ ወርደውም መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፦ «ሦስተኛ ፎቅ አሞት ነበር። ጠይቀነዋል። አቧራ ነው። ተጠርጎለት ተሽሎታል።»

ጣጣው ክረምት ላይ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በአራተኛ ፎቅ አዳራሽ መስኮት እንደ ባለቤት ይገባል፤ ሳጥኗም ጭስ መስሏት ትጮኻለች። ነሐሴ ላይ በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ብርጭቆአችንን ይዘን አስፋልት ወጣን። ጋሽ ዘይኑ ወጥተው፣ አይተው ይወርዱና «ጉም ነው። ግቡ» ይላሉ።

«ለጉሙ መታወቂያ ያውጡለት፤ ነዋሪ ሆኗል እኮ» አለቻቸው የካፌው አስተናጋጅ ዊዳድ።

«ሳቂ አንቺ። እሳትም አንድ ቀን ጉም መስሎ ይመጣል፣ ወላሂ።»

የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሞላልኝ ግን አልሳቁም። ሐሙስ ከኮምቦልቻ የሚመጡ ሰልጣኞች አዳራሹን ይዘውታል። «ጋሽ ዘይኑ፣ የዚያን ቀን አራተኛ ፎቅን ከሳጥኗ ያጥፉልኝ። አይሆንም ካሉ ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ጋሽ ዘይኑ አንገታቸውን ዳሰሱ። ቁልፉ እዚያ ከተንጠለጠለ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

«እሺ» አሉ።

ሰውዬው ተሸነፉ ብዬ ሻዬን ሳልጨርስ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት እንደታዘዙት አራተኛ ፎቅን አጠፉ። ከዚያ ከካፌው አንድ በርጩማ አንስተው ደረጃውን ተያያዙት።

«ወዴት ነው?» አለች ዊዳድ።

«ጎረቤት ሲታመም ከብቱን ማን ያግዳል? እሷ እስክትድን እኔ አሸታለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ከተቀመጥክ አይቀር ሳጥኗን እያት። ቢጫም ይሁን ቀይ ካበራች ጥራኝ።»

ቀኑን ሙሉ የሳጥን እረኛ ሆኜ ዋልኩ። የላዩን ወሬ ሻይ የምታደርሰው ዊዳድ ታመጣልኝ ነበር። ጋሽ ዘይኑ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው ያሸታሉ። የሰልጣኝ ኮት አሸተቱ፤ ሳንቡሳ አሸተቱ፤ አሰልጣኙ ተሳቆ እግሩን ወንበር ሥር ደበቀ። ሙቀት የለመዱት ኮምቦልቻዎች የደሴ ብርድ ሲጠናባቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ዘይኑ ብድግ ብለው ስልጠናውን መሀል ለመሀል አቋርጠው ሄዱና ማሞቂያውን ነቀሉት።

«ምነው አባባ?» አለ አሰልጣኙ።

«ትኩሳት ይዞታል» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ማታ አቶ ሞላልኝ መዝገቡን ገለጡ። «አራተኛ ፎቅ ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዝግ። ተተኪ፦ ዘይኑልአቢዲን። የማሞቂያው ሶኬት ትኩሳት ነበረው፤ ተነቅሏል። ተተኪው ደህና ነው፤ ጉልበቱን ብቻ ያመዋል።»

አቶ ሞላልኝ ላይ ወጥተው ሶኬቱን አዩት። ግማሹ ቀልጦ ጠቁሯል። ሲወርዱ የቁልፉን ነገር አላነሱም። «አራተኛ ፎቅን መልሰው ያብሩልኝ» ብቻ አሉ።

ሰኞ ጉሙ ተመልሶ መጣ፤ ሳጥኗ ጮኸች፤ እኛም ወጣን። ያጉረመረመ የለም። አቶ ሞላልኝ ጭምር ቀና ብለው የአራተኛውን ፎቅ መስኮት ያያሉ። ቆይቶ የጋሽ ዘይኑ ቆብ እዚያ ብቅ አለ።

«ሲወርዱ የሚያርፉበት በርጩማ የሚያመጣ የለም?» አሉ አቶ ሞላልኝ።

አስፋልቱ ዳር አስቀምጬው ነበር። ሻዬን ውስጥ ትቼ እሱን ነው ይዤ የወጣሁት።