መከዳ የዋጣቸው ዓሣዎቼ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ፊቴ አሁንም እንደጋለ ነው። በጅቡቲ ሙቀት እንዳታሳብቡ!

ብዙ ጊዜ ፖስት እንደማላደርግ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ዝም ካልኩ እፈነዳለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ ጅቡቲ ቤት ቀቢ ነኝ። ስዕል ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። እስካሁን የተሰጠኝ ሥራ ሁሉ ነጭ ግድግዳ ነበር። ነጭ። ከዚያ ደግሞ ነጭ።

ታዲያ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ማዳም ሐዋ ሳሎናቸውን ሰጡኝ! ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል።

"ልጄ፣ ባሕር አድርግልኝ። እንግዶቼ ከወደዱት ሙሉ ቤቱን ትሠራዋለህ" አሉኝ።

ሙሉ ቤቱን!

ሠራሁ። ከላይ ስስ ሰማያዊ፣ ወደ ታች እየጠቆረ የሚሄድ። ቀለሞቹ የት ጋ እንደተገናኙ ብትፈልጉ አታገኙትም። ከታች፣ ወደ ወለሉ ጠጋ ብሎ፣ ብርቱካንማ ኮራልና ዓሣዎች። እያንዳንዷን ቅርፊት በቀጭን ብሩሽ! የአንዱ ዓሣ ዓይን ትንሽ ስለተንጋደደብኝ አጥፍቼ እንደገና ሣልኩት።

ዓሣ የሚኖረው ታች ነዋ! ባዶው ክፍል መሃል ቆሜ ሳየው በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም።

ዛሬ እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ ዋራበሌ ከሚባለው ሰፈር አዲስ ፍራሽና መከዳ የጫነ መኪና ደረሰ።

መከዳ።

ወፍራም፣ ዘርፍ ያለው፣ ግድግዳውን ዙሪያውን ይዞ የሚደረደር መከዳ! እዚህ አገር ሰው ሳሎን ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ መከዳ ተደግፎ እንደሚጫወት አላውቅም? አውቃለሁ እንጂ! እኔስ እንዴት ነው የምቀመጠው?

ዓሣዎቼ አንድ በአንድ ጠፉ። አንዲት ጭራ እንኳ አልተረፈችም።

እንግዶቹ ሴቶች ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ቀና ብለው አዩ። ሰማያዊ። ሰማያዊ ብቻ።

"ሐዋ፣ ባሕር ባሕር ያልሽን ይሄንን ነው?" አሉ አንዲት ትልቅ ሴት።

እኔ ዝምተኛው ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በር ላይ ቆሜ ጮህኩ።

"ፓርዶን! ዓሣዎቹ ከጀርባችሁ ናቸው!"

ሁሉም ዞሩ። መከዳው ተነሳ። እነዚያ የተከበሩ እናቶች እንደተቀጣ ተማሪ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቁጭ አሉ!

"ዋርያ፣ አንተ ልጅ! ሻዩንም እንዲህ ሆነን ልንጠጣ ነው?" አሉ ሴትየዋ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መከዳው ወደ ቦታው ሲመለስ ግን የማዳም ሐዋ የልጅ ልጅ፣ ገና የምትድህ፣ ከኋላው ሾልካ ገባች። ከዚያ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አያቷ ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ በሁለት እጇ ግድግዳውን ይዛ አንዱን ዓሣ በምራቋ እያራሰች ትስመዋለች! ላውጣሽ ቢሏት አለቀሰች።

ማዳም እሷን አዩ። እኔን አዩ።

"ሙሉ ቤቱን እርሳው" አሉኝ። "የልጆቹን ክፍል ግን ትሠራለህ።"

ከሳሎኑ እየዘለልኩ ነው የወጣሁት! ለሳሎን ያልሆንኩት ሰውዬ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከልጆቹ ክፍል ነው። በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ፣ የሚድህ ልጅ ዓይን ግድግዳው ላይ የት ድረስ እንደሚያይ ስለካ የቤቱ ሠራተኛ በሩን ከፍታ አየችኝ።

"ወንድሜ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?"

እስቲ አሁን ምን ልበላት?