እጅ ያልቦዘነበት ቢሮ

የከተማችን የመታሰቢያ ዕቃዎች ማስፋፊያ ቢሮ በትጋቱ ሊመሰገን ይገባዋል። በዚያ መኸር በቢሮው ውስጥ አንድም የቦዘነ እጅ አልነበረም። ይህም በመመሪያ የተደነገገ ነው።

ከተማዋ የምትታወቀው በመዳፍ ውስጥ በሚሽከረከሩ ጥንድ የብረት ኳሶች ነው። ሲዞሩ ሆዳቸው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ያቃጭላል። ጣት ያፍታታሉ፣ ደም ያዘዋውራሉ ይባላል። እንግዳ ሁሉ ሐር በለበሰ ሣጥን አሳሽጎ ወደ አገሩ ይወስዳቸዋል። ቤቱ ሲደርስ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ጤናውም በዚያው ይጠበቃል።

ሽያጩ ግን ኃላፊውን ጓድ ፓንግን አላረካቸውም። ሠራተኛውን ሰብስበው፣ «እኛ ያላዞርነውን እንግዳ እንዴት ያዞረዋል?» ሲሉ ጠየቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ በሥራ ሰዓት በሁለቱም እጆቹ ኳስ እንዲያዞር ታዘዘ። እንግዳ ፊት ያቆመ ወይም የጣለ የከተማዋን ክብር እንደጣለ ይቆጠራል።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ስልክ የሚያነሣ ስለጠፋ አቤቱታ ቀረ። የሚጽፍ ስለጠፋም ስህተት ቀረ።

እትዬ ሚያው ይህን ሁሉ ዕድገት አልሰሙም። ለብርዱ ወራት ከሰል መግዣ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ኳስ ገዝተውበት፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ለመሸጥ ፈቃድ ጠይቀዋል። የመኸሩን በዓል የሚያከብሩ እንግዶች መግባት ጀምረዋል። እነሱ ካለፉ እስከ ጸደይ ገዢ የለም። ወረቀቱ ከተፈረመ ቆይቷል፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።

ማኅተሙ ጠረጴዛ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ቢ የተባለው የማኅተሙ ጠባቂ ከኋላው ሆኖ ኳሶቹን ያዞራል።

«ቢ ልጄ፣ ይህቺን ምታልኝና ልሂድ።»

«እጄን አያዩትም እንዴ እትዬ?»

«አንዱን አስቀምጠዋ።»

«ደሜ መሀል መንገድ ላይ ይቁም?»

«ሻይ ሲያምርህስ ምን ታደርጋለህ?»

«ሚስቴ መጥታ ታጠጣኛለች።»

«በል እኔው ልምታው።»

«ማኅተም የሚመታው የተፈቀደለት እጅ ነው።»

«የማን እጅ ነው የተፈቀደለት?»

«የኔ።»

«እሱ ደግሞ ሥራ ይዟል።»

«አሁን ገባዎት» አለ ቢ ፊቱ በርቶ።

በዚህ መሀል የውጭ አገር እንግዶች ካሜራቸውን አንግተው ገቡ። ጓድ ፓንግም ለማዕረጋቸው እንዲመጥን በየእጃቸው ሦስት ሦስት ኳስ እያዞሩ ከውስጥ ወጡ።

«ክቡራን እንግዶች» አሉ፤ «በዚህ ቤት ጤና ሥራ ነው፤ ሥራም ጤና ነው።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። እጃቸው ባዶ ነበርና ቻሉ።

ከእንግዶቹ አንዲት ባለባርኔጣ አሮጊት ይዛው የምትሄድ ነገር በዓይኗ ፈለገች። ኳሱ ሁሉ ተይዟል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የተቀረጸ ነገር ግን የሚነካው የለም። እንዲህ ያለ ማኅተም ለእንግዳ የሚሸጥበት ሱቅ በየቤተ መቅደሱ በር አይታለች። አነሣችው፤ አገላበጠችው፤ ወደደችው። አንድ የገንዘብ ኖት ከሻይ ኩባያው ሥር ሸጉጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ጓድ ኃላፊ፣ ማኅተሙ...» አለ ቢ።

«ፈገግ በልና አዙር» አሉ ፓንግ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«እየወሰደችው ነው እኮ።»

«ፎቶ እያነሡን ነው እኮ።»

እንግዶቹን የጫነው አውቶቡስ ሄደ። እትዬ ሚያው ያልታተመ ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ። የብርዱ ወራት መምጣቱን አሰቡ፣ ከአልጋ ሥር የተደረደረውን ሣጥን አሰቡ። በማግስቱ ማቆሚያው አጠገብ ጨርቅ ዘርግተው ኳሳቸውን ደረደሩ።

ብዙ ሳይቆይ ቢ መጣ። እጆቹ ያዞራሉ፤ ወረቀት በብብቱ ሸጉጧል።

«እትዬ፣ ያለ ፈቃድ መሸጥ ክልክል ነው። ቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ የመዝጊያ ትእዛዝ ይዣለሁ፤ ከብብቴ ይውሰዱት።»

መዘው አዩት። «ማኅተሙ የታለ?»

ቢ ትናንት አውቶቡሱ ወደሄደበት መንገድ ተመለከተ።

«አዲስ አታስቀርጹም?»

«ለማስቀረጽ ለበላይ ደብዳቤ ይጻፋል።»

«ጻፉዋ።»

«ደብዳቤው ማኅተም ያስፈልገዋል።»

እትዬ ሚያው ትእዛዙን አጥፈው ወደ ብብቱ መለሱለት። ሌላ አውቶቡስ ቆሞ እንግዶች ወረዱ። እንግዳ ፊት ማቆም ክልክል ነውና ቢ አዞረ። ደንግጦ ስለነበር ከወትሮው አፈጠነ። ኳሶቹ አቃጨሉ፤ ሰው ከበበው፤ ሣጥን መነሣት ጀመረ።

«ወደ ፀሐዩ ጠጋ በል ልጄ» አሉት እትዬ ሚያው ገንዘብ እየተቀበሉ። «ነገ ጓድ ፓንግንም ይዘሃቸው ና። ይህን ያህል የሚጠቅም ቢሮ እንዳለን አላውቅም ነበር።»