ጨዎች የቀመሱኝ ዕለት

ሦስት ቀን ሆዴ ውሃ ሆኖ ሰንብቶ፣ ትናንት ቀትር ላይ ዓይኔ ክድን ሲል ይህን ሕልም አየሁ።

'ጨው አራት ዓይነት ነው' እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ግን ጨዎች ናቸው። እኔ ጠረጴዛው ላይ፣ ብልቃጥ ውስጥ ገብቻለሁ። ጉሮሮዬ በጥም ተሰነጣጥቋል። ከበሩ ማዶ ውሃ ሲንፎለፎል ይሰማኛል። አስተማሪዋ የገበታ ጨው ነበረች። ነጠላዋን አስተካከለችና ጠየቀች።

"ልጆች፣ ሰው ስንት ዓይነት ነው?"

"አራት! ገለልተኛ፣ አሲዳማ፣ ቤዛዊና ድርብ!"

"ይኼኛውስ?"

"ገና አልተቀመሰም!"

"እንግዲያው ቅመሱት። ከጣፈጠ ወደ ውሃው ይገባል፣ ካልጣፈጠ ይጣላል።" ወደ እኔ ዞረች። "ተረቱን ታውቀው የለ? ሰው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ጨው ነው ብለው ይጥሉሃል።"

ከብልቃጡ ጎትተው አወጡኝ። መጀመሪያ ቤኪንግ ሶዳ መጣ፤ ትከሻዬን ላሰና እንትፍ አለ።

"አልጫ ነው! ደግሞ አውቀዋለሁ። ቀኑን ሙሉ 'አሲዳማ ጨው' እያለ ስሜን ሲያጠፋ ይውላል። ቃር ሲይዘው በጥብጦ የሚጠጣው ግን እኔኑ ነው።"

ሸብ ተነሣች። ድርብ ጨው ስለሆነች አፏ ሁለት ነው።

"ጢሙን ሲላጭ ደሙን ያቆምኩለት እኔ" አለ አንዱ አፏ።

"ድፍርሱን ውሃ ያጠራሁለትም እኔ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለም" አለ ሌላው።

ጄሶ ከኋላ ወንበር ቀስ ብሎ ተናገረ። "ክንዱ የተሰበረ ጊዜ አርባ ቀን ታቅፌው ነበር።" አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ነው የባሰብኝ።

እውነታቸውን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ቀመራቸውን ሰሌዳ ላይ ስሞነጫጭር ኖሬ አንዳቸውንም አመስግኜ አላውቅም።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። "ስለ ቃሩም፣ ስለ ክንዴም፣ ስለ ውሃውም። እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?" ልቤ በምስጋና ሞላ፤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የገበታ ጨው እንባዬን በጣቷ ጠረገችና ቀመሰችው።

"ጣፈጠ!" ብላ ጮኸች። "የእኛው ዘመድ ነው! ክፈቱለት!"

ክፍሉ በእልልታ ቀለጠ። በሩ ከፈት ሲል ነቃሁ።

አልጋዬ ላይ ነኝ። የቀበሌያችን ጤና ሠራተኛ ቆንጂት ኩባያ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ባለቤቴ እርጎዬ ክንዷን ጨብጣ አላስጠጋ ብላታለች።

"ነገርኩሽ እኮ! ደም ግፊት አለበት፣ ሐኪሙ ጨው እንዳይቀምስ ብሏል!"

"ኦ አር ኤስ እኮ ነው እትዬ፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጠው! ካልጠጣ ይሞታል!"

"እስቲ ጨው የለበትም ብለሽ ማይልኝ!"

ጨው አለበትና ቆንጂት መማል አቃታት። "ከትናንት ወዲያ የሰጠሁሽን ስድስት ከረጢትስ የት አደረስሽው?"

"ደፋሁታ! ባሌን በእጄ ልግደል?"

እርጎዬ ሦስት ቀን ዓይኗን ሳትከድን አስታማኛለች፤ እግዜር ይስጣት። አንገቴን አስግጌ ኩባያውን በጥርሴ ያዝኩት።