በመስኮት የመጣው ፈቃድ

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ዝም ማለት የሚያስከብርበት ቦታ እንዳለ ሁሉ የሚጥልበትም ቦታ አለ። ሁለቱ የት እንደሚለያዩ የሚያስተምር ክፍል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ሦስተኛ ላይ ስላቆምኩ አልደረስኩበትም። ባለቤቴ «ግንድ ነው ያገባሁት» ትላለች። ግንድስ ቢሆን ማገዶ ይሆናል ብዬ አልመልስላትም። መመለስ ራሱ ማውራት ነው።

እኛ አገር ከትልቅ በፊት አፍ አይከፈትም። ሶንጎ የምንለው፣ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሸንጎ አለ። እዚያ መጀመሪያ የሚናገረው ትልቁ ነው፤ አንተ እውነቱን ብታውቅ እንኳ እሱ እስኪናገር ሣር እየነጨህ ትጠብቃለህ። ነገሩ ከከበደ ደግሞ «ነገ እንመለስበት» ተብሎ ይበተናል። በዚህ መንገድ ብዙ ጠብ አብርደናል። ፈተና ግን እንዲህ አይታለፍም። ይህን ያወቅነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ከጨለለቅቱ ከተማ በላይ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤታችን ነው።

ልጄ ማርታ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ጎረቤታችን እሷን ለልጁ እንድድርለት ሽማግሌ ልኮብኝ «ፈተናውን ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች እንነጋገራለን» ብዬ መለስኩ። ለእኔ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ማርታ ከጓዳ ሰምታለች። ምንም አላለችም፤ የእኔ ልጅ አይደለች? ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንሰት ስትፍቅ እንኳ መጽሐፏ አጠገቧ ተዘርግቶ ነበር።

ያኔ ወደ ሰባተኛ ለሚያሳልፈው የሚኒስትሪ ፈተና ማን እንደሚቀመጥ የሚለየው ከአውራጃው የሚላክ ተቆጣጣሪ ነበር። ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት የንባብና የሒሳብ ጥያቄ ይዞ ይዞራል። ወደ እኛ የመጣው ጭቃው እስከ ጉልበቱ የደረሰ፣ ከረባቱ ግን ንጹሕ የሆነ ወጣት ነው። መምህሩን «እንዳትጠቁማቸው» ብሎ አስወጣው። እኛ አባቶች መስኮቱ ሥር ቆምን።

ንባቡ አማረ። ልጆቹ በየተራ እንደ ውኃ አወረዱት። ተቆጣጣሪው «ምን ማለት ነው?» ብሎ ክፍሉን ሲጠይቅ ግን ጸጥ አሉ። ያነበቡት የመጽሐፉን ቃል ነው፤ የራሳቸውን እንዳይናገሩ ሹንዴ ገና አልተናገረም። ሹንዴ የክፍሉ ትልቅ ነው፤ ሚስት አግብቶ፣ ወልዶ ስድስተኛ ክፍል የሚማር። መምህራችን አገሩን ስለለመደ ሁልጊዜ እሱን አስቀድሞ ይጠይቅ ነበር። አሁን ግን ውጭ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ቢናገር ጠቆመ ሊባል ነው።

ተቆጣጣሪው ወደ ሒሳብ ዞረ። «አንድ አባት የማሳውን ሲሶ ለበኩር ልጁ ሰጠ። የቀረውን ለሁለቱ ታናናሾች እኩል አካፈለ። ለእያንዳንዳቸው ስንተኛ እጅ ደረሳቸው?»

የማርታ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። መልሱ አፏ ውስጥ ነው። ዓይኗ ግን ሹንዴ ላይ ነው።

ሹንዴ በቀስታ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ይህ የመሬት ነገር ነው፤ በአንድ ቀን አይቆረጥም። ተመካክረን ነገ እንመልስልዎታለን።»

እኛ አባቶች «ልክ ነው» ብለን ራሳችንን ነቀነቅን።

«ነገ? ፈተና እኮ ነው!» አለ ተቆጣጣሪው። «እንግዲያው ከዚህ ክፍል ለሚኒስትሪ የሚቀመጥ የለም።» እስክሪብቶውን አወጣ።

አጠገቤ የቆሙት አባ ጂግሶ ናቸው፤ የሶንጎው ትልቅ። ጆሯቸው ደከም ብሏል። «ምን አለ?» አሉኝ። ተጠየቅኩ፤ ስለዚህ መናገር እችላለሁ።

«ካልተናገሩ ወድቀዋል ይላል። ልጆቹ ትልቅ እየጠበቁ ነው። እርስዎ ካልፈቀዱ አይናገሩም» አልኩ።

አባ ጂግሶ ራሳቸውን በመስኮቱ አስገቡ። «ልጆች! ለሚጠይቃችሁ የምታውቁትን ተናገሩ። ትልቅ አትጠብቁ። እኔ ፈቅጃለሁ!»

«ሲሶ!» አለች ማርታ፣ ንግግራቸው ሳያልቅ። «ሦስቱም ሲሶ ሲሶ!»

«ታዲያ በኩሩ ምን ተጠቀመ?» አሉ አባ ጂግሶ። የሰማቸው የለም፤ ክፍሉ እንደተነካ ቀፎ ተነሥቶ ነበር። ተቆጣጣሪው ላቡን ጠርጎ ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው ጀመረ።

ማርታ ያንንም አለፈች፣ ሚኒስትሪውንም። ጎረቤታችን ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። ከፍ ያለ ሽማግሌ ላከ፤ አባ ጂግሶን ራሳቸውን። «ማንበብ ችላለች፤ ይበቃታል። ልጅህን ስጠን» አሉኝ። ለአባ ጂግሶ እንቢ ያለ ሰው በአገራችን አይታወቅም። የተጎዘጎዘውን ሣር መንጨት ጀመርኩ። እሳቸውም ለወጉ ያህል ወደ ማርታ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«አልፈልግም። ዲላ ሄጄ ሰባተኛ እገባለሁ።»

«አባትሽ ሳይናገር?» አለ አንዱ ሽማግሌ ደንግጦ።

«አባ ጂግሶ ፈቅደውልኛል። ለሚጠይቃችሁ ተናገሩ፣ ትልቅ አትጠብቁ ብለዋል።»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ፈቃዱ ሲሰጥ ማብቂያ ቀን አልተቆረጠለትም ነበር። አባ ጂግሶ ምርኩዛቸውን አነሡና «ብያለሁ» አሉ። ቀጥለውም «ነገሩ ከባድ ነው፤ ነገ እንመለስበት» ብለው ተነሡ።

ያ ነገ እስካሁን አልመጣም። ማርታም እስካሁን ዝም አላለችም።

እኔ? ትልቅ ባለበት አፍ አይከፈት የለ፤ ዝም አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ የጣመኝ ዝምታ የለም።